በሁለት በኩል የሚቆለፍ ሳጥን

ሐሙስ፣ መጋቢት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በጅቡቲ አቆጣጠር ማርስ 23 ቀን 2017፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ፣ የቤት ዕቃ በሚሸጥበት መተላለፊያ ቆሜ ባልዲ እመርጥ ነበር። ከእኔ ሦስት ሱቅ ወዲያ አንድ ወጣት በከሰል ፍም ላይ ሚስማር አግሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ የፕላስቲክ ሳጥን ጠርዝ ላይ ተጫነው። ጭሱ በመተላለፊያው ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር እየተንፏቀቀ እኔ ዘንድ ደረሰ። ሽታው መጀመሪያ የተቃጠለ ስኳር ይመስላል፤ ቀጥሎ ጉሮሮ ይይዛል፤ በመጨረሻም ምላስ ላይ እንደ መድኃኒት ይመርራል። ሚስማሩ ሲወጣ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር፣ ያበጠ፣ ወጣ ገባ ቀለበት ቀረ። ወጣቱ ለአፍታ አየውና ሁለተኛውን ቀዳዳ በግምት ሁለት ጣት አርቆ በሳው።

ባልዲውን መልሼ አስቀመጥሁ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው፤ በማያውቁኝ ሰዎች ሥራ መግባት ከተውሁ ቆይቻለሁ። ነገር ግን ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ክፍሌ እስክደርስ መንገዱን ሁሉ በልቤ ከጋሽ አብዶሽ ጋር ስነጋገር ሄድሁ። ጋሽ አብዶሽ ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

በልጅነቴ ድሬዳዋ ላይ አባቴ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ነበር። ቤታችን ከአሸዋው ወንዝ ዳር ነበረች፤ ወንዙን ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ሲገባ ደግሞ በአንድ በር ብቻ የምትከፈት የጋሽ አብዶሽ ሱቅ ትገኝ ነበር። የሐረር ሰው ነው። ሥራው የመቁጠሪያ ጠጠር መብሳት ነበር፤ ከግመል አጥንት፣ ከወይራ እንጨት፣ አንዳንዴም ከቀንድ። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጠጠሯን በእንጨት መቆንጠጫ አስይዞ፣ መቆንጠጫውን በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ረግጦ፣ መሰርሰሪያውን በትንሽ ቀስት ወዲያና ወዲህ ያሽከረክረዋል። የቀስቱ ድምፅ በዚያ የቀትር ሙቀት ውስጥ እንደ ፌንጣ ጩኸት ይሰማ ነበር። አጥንቱ ሲግል የፀጉር ቃጠሎ የመሰለ ሽታ ያመጣል፤ ያን ጊዜ ቀስቱን አቁሞ ከጠርሙስ ውኃ በጣቱ ያንጠበጥባል፤ እስኪበርድም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

በአንድ መቁጠሪያ ዘጠና ዘጠኝ ጠጠር አለ። የአንዷ ቀዳዳ መካከሉን ከሳተ፣ ክሩ በተወጠረ ጊዜ ተጣማ ትቆማለች፤ የጸሎተኛውም ጣት እዚያ ሲደርስ ሐሳቡ ይሰናከላል። ስለዚህ ጋሽ አብዶሽ እያንዳንዷን ጠጠር ሽቦ ላይ ሰክቶ በትንፋሹ ያሽከረክራታል። የምትወላገድ ከሆነች የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጥላታል። እኔ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ደጃፉ ላይ እቀመጥ ነበር። የሚያወራ ልጅ ያባርራል፤ ዝም ያለውን ግን ይተወዋል። ቆይቶ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እኔም ትምህርቴን ቀጠልሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ በመሐንዲስነት ወጣሁ፤ ጋሽ አብዶሽንም ረሳሁት።

በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገራችን ጭነት በጅቡቲ ወደብ መጉረፍ በጀመረ ጊዜ አንድ የትራንዚት ድርጅት የማሽን ጭነት ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ለሁለት ዓመት ብዬ መጣሁ። ባለቤቴና ልጆቼ አዲስ አበባ ቀሩ። ካርቲየ 4 ውስጥ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቬንትሌተር። ከሳምንቱ ቀናት የምፈራው ዓርብን ነበር። ዓርብ ቢሮ ይዘጋል። ጫቱ ከገባ በኋላ ደግሞ ከተማው በየቤቱ ይከተታል፤ የሱቅ መዝጊያዎች ይወርዳሉ፤ መንገዱ ለቁራዎችና ለእኔ ይቀራል። እኔ አልቅምም። ከማንም ጋር ሳልነጋገር የዋልሁባቸውን ዓርቦች በማስታወሻ ደብተሬ በትንሽ መስቀል አመለክታቸው ነበር፤ በሦስተኛው ወር ማመልከቱን ተውሁ፤ መስቀል የሌለበት ዓርብ አልነበረምና።

በአንደኛው ዓርብ ጥላ ፍለጋ በማዕከላዊ ገበያ ስዞር፣ ግማሽ መዝጊያው ከወረደ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አየሁ። መሬት ላይ ተቀምጦ የሳጥን ክዳን በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ረግጦ ይዞ፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ያሽከረክራል። ጥቂት ዞሮ አቆመ፤ ከጠርሙስ ውኃ በጣቱ አንጠበጠበ፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ስሙን ጠራሁት።

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«የጣቢያው ጸሐፊ የአቶ ተሰማ ልጅ ነኝ። እርስዎ ደጃፍ ላይ...»

«እርስዎ የምትለው ማንን ነው? ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሟል እንዴ?»

«ይቅርታ። አንተ ደጃፍ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ያኔ ልጅ ሆኜ።»

አሁን አየኝ። «ያ ዝም የሚለው ልጅ ነህ?»

«ሳልሆን አልቀርም።»

«እንግዲያው አሁንም ዝም በል። ቀዳዳው አላለቀም።»

የድሬዳዋ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ላይ ይህን ረስቼው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እንዳልለው ከልክሎኛል፤ እዚህም «እሱ» እያልሁ የምጽፈው ትእዛዙን አክብሬ ነው።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ወደ ጅቡቲ ያመጣው ልጁ ነው፤ ሱቁም የልጁ ነበር። የልጅ ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ነው። «ይወዱኛል» ይል ነበር፤ «የግድግዳ ሰዓት እንደሚወደድ ይወዱኛል። ሲያልፉ ያዩኛል።» ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጁ ጫት ቤት ሲሄድ ሱቁን የሚጠብቀው እሱ ነበር። እኔም በየሳምንቱ እየመጣሁ ከጎኑ የተደፋ ባልዲ ላይ መቀመጥ ጀመርሁ።

በዚያው ሰዓት ሴቶቹ ይመጣሉ። በየሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ዓርብ የሦስት ወይም የአራት ሰዓት ዕረፍት አላቸው። የሚተኙት ኩሽና ጥግ፣ በረንዳ፣ ወይም ከአሠሪዎቻቸው ልጆች አልጋ ሥር ነው። ከአገር ይዘውት የሚመጡት የጨርቅ ሻንጣ በዚህ ከተማ ወበቅ ይሻግታል፤ ዚፑንም የባሕሩ ጨው ይበላዋል። ስለዚህ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይገዛሉ። ሳጥኑ ከፋብሪካ ሲመጣ አይቆለፍም፤ ዳርና ዳሩ ላይ ያሉት ሁለት ማያያዣዎች ማንም በአውራ ጣቱ የሚያስለቅቃቸው ናቸው። የጋሽ አብዶሽ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ ከክዳኑ እስከ ሳጥኑ ከንፈር አስተካክሎ ይበሳል፤ ልብሱ እንዳይሻግት ደግሞ በጎንና በጎኑ ስምንት ስምንት ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያወጣል። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ «የእኔ» ሊሉት የሚችሉት ይህን ሳጥን ብቻ ስለሆነ፣ ሲሠራላቸው ዓይናቸውን ከእጁ ላይ አያነሡም።

ልጁ ትራፓኖ፣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ ገዝቶለት ነበር። ጋሽ አብዶሽ ከካርቶኑ አላወጣውም። «ይቸኩላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፕላስቲክ ሲቸኩሉበት ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ተመልሶ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ይረጋል። እሱ በመጀመሪያ ቦታውን በሚስማር ጫፍ ነካ አድርጎ ትንሽ ጉድጓድ ያበጅለታል፤ መሰርሰሪያው እንዳይንሸራተት። ከሥሩ ጣውላ ይደግፋል፤ ፑንታው፣ የመሰርሰሪያው ብረት፣ ሲወጣ ፕላስቲኩን እንዳይገነጥል። በቀጭኑ ፑንታ ይጀምርና በወፍራሙ ያሰፋዋል። ፍቅፋቂው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ከወጣ ፍጥነቱ ልክ ነው። ከዚያ ጠርዙን በምላጭ ያለሰልሳል። በመጨረሻም ባለቤቷን «ሻሽሽን» ይላታል፤ የሻሿን ጫፍ በቀዳዳው አሾልኮ ይጎትታል። አንድ ክር ከያዘበት ምላጩን እንደገና ያነሣል።

አንድ ነገር ብቻ ያስከፋኝ ነበር። በዓይን ልክ ይሠራ ስለነበር የአንዱ ሳጥን ቀዳዳ ከሌላው አይገጥምም፤ እያንዳንዱ ክዳን ከገዛ ሳጥኑ በቀር አይሆንም። ደግሞም ጓጉንቸር የሚያስገባው በሁለት በኩል፣ ከእጀታዎቹ አጠገብ ነበር። ሳጥኑ ሞልቶ በእጀታው ሲነሣ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያው ላይ ስለሆነ፣ ሁለት ሴቶች ከቀዳዳው እስከ እጀታው የተሰነጠቀ ሳጥን መልሰው አመጡ። እኔ በእነዚያ ዓመታት ለማንም የማይጠቅም እውቀት ተሸክሜ የምኖር ሰው ነበርሁ። ከማሽን ማሸጊያ ሣንቃ አንድ መለኪያ ሠራሁለት፤ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ሲሰካ ቀዳዳዎቹ የት እንደሚሆኑ ራሱ ያሳያል። የጓጉንቸሩንም ቦታ አንድ ብቻ አድርጌ ወደ ፊት ለፊቱ ረጅም ጎን መካከል አዛወርሁት፤ እዚያ ክብደት አያርፍበትም።

ጋሽ አብዶሽ መለኪያውን ወደደው፤ አንዱን ጓጉንቸር ግን አልወደደውም።

«በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ክዳን አያስተማምንም» አለኝ።

እርሳስ አውጥቼ በካርቶን ላይ ክብደቱ እንዴት እንደሚከፋፈል አሰላሁለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያም «አንተ ተምረሃል» ብሎ እሺ አለ። በክርክሩ የረታሁት መስሎኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ከዚያች ሱቅ የወጡ ሳጥኖች ሁሉ እንደ አንድ ሳጥን ነበሩ፤ የትኛውም ክዳን ለየትኛውም ይሆናል። በጅቡቲ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያን ያህል ደስ ያሰኘኝ የለም።

ሙሉነሽ የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። በባሕሩ በኩል ባለው ሰፈር፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ቤት ትሠራ ነበር። ሰማያዊ ሳጥን የገዛች ዕለት ጋሽ አብዶሽ ሥራውን ሳይጨርስ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጣት።

«ጋሽ አብዶሽ፣ ሳጥን ነው ያልኩህ፤ መስጊድ እየሠራህልኝ ነው እንዴ?»

«ከቸኮልሽ ሚስማር የሚያግል ሰው ወዲያ አለልሽ። ሂጂ።»

«ኸረ በስመአብ! ለጓደኛዬ ሠርቶላት አይደል? በረሮው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገባ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ጋሼ ኢንጂነር፣ ቁጭ ብለህ ማየት ነው ሥራህ?»

«መለኪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኋት። አሁን ሳስበው የኩራት ድምፅ ነበረው።

«ውይ፣ ታዲያ ሁለት ሽማግሌ ለአንድ ሳጥን! እኔ እኮ ባለሥልጣን ሆኛለሁ።»

ሻሿን አውልቃ ራሷ በቀዳዳው አሾለከችው። ከዚያ ወዲህ የምትገዛው ነገር ባይኖርም በየዓርቡ ትመጣ ነበር። በዚያ ቤት ስሟን የሚጠራ እንደሌለ ነገረችን፤ «ላ ቦን» ነው የሚሏት፣ ሠራተኛዋ ማለት ነው። «እዚህ የምመጣው ሙሉነሽ እንድትሉኝ ነው» አለች እየሳቀች። እኛም በየአረፍተ ነገሩ ስሟን እንጨምርላት ነበር። እንደዚያ ሦስት ሆነን የተቀመጥንባቸውን ዓርቦች በደብተሬ ላይ አልመዘገብኋቸውም፤ መመዝገብ ነበረብኝ።

በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ በአንዱ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መጥታ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። አልቀለደችም።

«የማዳም የጆሮ ወርቅ ጠፋ» አለች። «ትላንት ቤቱ ሁሉ ተፈተሸ። ሳጥንሽን ክፈቺ አሉኝ፤ ከፈትኩ። ከልብሴ መሐል ወጣ።»

ጋሽ አብዶሽ መሰርሰሪያውን አስቀመጠ።

«ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው፤ ጓጉንቸሩ አልተነካም፤ ካንቺ ሌላ ማን ያስገባዋል? አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ነገ ጠዋት ጌታው ፔካ 12 ወስዶ ወደ አገር የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሊያሳፍረኝ ነው። ለእናቴ የሚደውሉላት ሰዎች አሉ፤ ሌባ ሆና ተመለሰች ይሏታል። እኔ አልወሰድኩም።» እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች። «ጋሽ አብዶሽ፣ ይሄ ሳጥን ያለ ቁልፍ ይከፈታል?»

ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን አወረድሁ፤ ጓጉንቸር አስገብቼ ቆለፍሁትና ፊቷ አስቀመጥሁት። ዳርና ዳሩ ያሉትን ማያያዣዎች በአውራ ጣቶቿ አስለቀቀች። ክዳኑን ከኋላ በኩል ሳብ አደረገችው። ፕላስቲኩ ያለ ምንም ድምፅ ተለምጦ ተነሣ፤ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። የአንገቷን ቁልፍ ከነክሩ ወደ ውስጥ ጣለችው። ክዳኑን ስትለቀው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጭረት እንኳ አልታየበትም። ሳጥኑን ሳስብ እንዳይሰበር አስቤ ነበር፤ የሰው እጅ እንዳይገባበት አላሰብሁም።

«እንሂድ» አለ ጋሽ አብዶሽ ዱላውን እየፈለገ። «አንዱን ይዘን እንሂድና እናሳያቸው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሳጥኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ከመደርደሪያው የወረደ ማንኛውም ሳጥን ስለ እሷ ሳጥን መመስከር ይችል ነበር፤ ለዚህም ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። እኔ ግን እጄን አነሣሁ።

«በቃል አይሆንም፣ ጋሽ አብዶሽ። ሁሉም እኩል የሚከፈቱ መሆናቸውን ልለካ። በፈረንሳይኛ እጽፈዋለሁ፤ ሥዕሉን ጨምሬ ጠዋት ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚያምኑት የተጻፈ ነገር ነው።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት ጋሼ?» አለች ሙሉነሽ።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ እሆናለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቁልፏን ከሳጥኑ አውጥተን ሰጠናት። አንገቷ ላይ መልሳ አሰረችው፤ ከሞላ ጎደል ፈገግ ብላ ሄደች። እነሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ አልጠየቅኋትም።

በሱቁ ውስጥ የተበሱ አሥራ አንድ ሳጥኖች ነበሩ። ሁሉንም ለካሁ። ትንሹ ክፍተት ሠላሳ አንድ፣ ትልቁ ሠላሳ ሦስት ሚሊሜትር ሆነ። በሕይወቴ ያን ያህል የተቀራረበ ውጤት አግኝቼ አላውቅም። ቁጥሮቹን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድሁ፤ ጠረጴዛዬን ጠርጌ ጽሑፉን ጀመርሁ።

የመግሪብ አዛን ካለቀ ጥቂት ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ አብዶሽ ነበር። ወደ ክፍሌ መጥቶ አያውቅም፤ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ይጠጋ ነበር፤ ደረጃውን የወጣው አንድ ሳጥን ታቅፎ ነው። ባለበት ቆሞ እስኪተነፍስ ጠበቅሁት።

«ሄጄ ነበር» አለኝ። «ዘበኛው ሳጥኑን አየና ዛሬ አንገዛም አለኝ። ሻጭ አይደለሁም አልኩት። በሱማሌኛ ሁሉንም አስረዳሁት። ገብቶ ለማዳም አንድ ሽማግሌ ሳጥን ይዞ ቆሟል አላት። አያስፈልገንም ብላ ላከችው። እንደገና ላክኩት። ሁለተኛ ሲመለስ ምን አለኝ? ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ይምጣ።» ዱላውን ወደ እኔ ቀሰረ። «አንተ ትችላለህ። ተነሥ።»

አልተነሣሁም። ሥዕሉ አልቆ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ግን ገና በረቂቅ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃላትም በመዝገበ ቃላት መረጋገጥ ነበረባቸው። ይህንኑ ነገርሁት። ጽሑፉ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል እንደሚደርስ፣ ሥርዓት ባለው መንገድ ማቅረብ እንደሚሻል ነገርሁት።

ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። በመብራቱ ሥር የተዘረጋውን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ የሳጥኑን ሦስት ገጽታ፣ ቀስቶቹን፣ ቁጥሮቹን።

«ሥዕሏ ታምራለች» አለ።

ሳጥኑን አንሥቶ ደረጃውን ወረደ። ለመርዳት ስነሣ በዱላው ከለከለኝ።

ቅዳሜ ልክ በአንድ ሰዓት ተኩል ሸሚዜን ተኩሼ፣ ሁለቱን ገጾች በፖስታ አድርጌ በሩ ላይ ቆምሁ። ዘበኛው ጌታውና ሠራተኛዋ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ እንደወጡ ነገረኝ። ታክሲ ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ ወደ ፔካ 12፣ ሄድሁ። መኪናዎቹ በአቧራው ዳር ተሰልፈው ነበር፤ ሾፌሮች ከጀሪካን ውኃ እያፈሰሱ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድሁ ጠየቅሁ። ጎማ በመዶሻ እየመታ የሚፈትሽ ረዳት ብቻ አስታወሰ።

«ሰማያዊ ሳጥን የያዘች? ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጣች መሰለኝ። ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነበር።» ከዚያ እኔንና ፖስታዬን አየ። «አባቷ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኗ ነህ?»

ፖስታውን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትሁና ወደ ታክሲው ተመለስሁ።

ወደ ገበያው የተመለስሁት ወደ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ አብዶሽ አሥራ አንዱን ሳጥኖች ከመደርደሪያው አውርዶ ከበውት ተቀምጧል።

«ደረስክባት?»

«አልደረስሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። መለኪያዬን ወደ ጎን አድርጎ፣ የአንዱን ሳጥን ዳር በእግሩ ረግጦ፣ ከእጀታው አጠገብ በዓይኑ ልክ መሰርሰር ጀመረ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ልማዴ ቀደመኝ።

«እዚያ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጋሽ አብዶሽ።»

«ይሰንጠቅ» አለ። «ስንጥቅ ይታያል።»

ከዚያ በላይ አልተናገረኝም፤ በኋላም ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣም። እኔ ግን ቃሉን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የእሱ ሳጥን በግድ ቢከፈት ይሰበራል፤ የተሰበረውም ነገር ለባለቤቷ ይመሰክርላታል። የእኔ ግን ማንንም በጨዋ ደንብ አስገብቶ ያስወጣል፤ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይዘጋል።

ዓርብ መሄዴን አላቋረጥሁም፤ እሱም ባልዲዬን ደፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። ሥራው ላይ ግን አንድ ደንብ ተጨመረ። ሳጥኑ በሁለት በኩል ከተበሳና ሻሹ ካለፈ በኋላ፣ ጓጉንቸሮቹን ቆልፎ ቁልፎቹን መዳፉ ውስጥ ይጨብጥና ሳጥኑን ለገዢዋ ያቀርባል።

«ስረቂኝ» ይላታል።

«ምን?»

«ሌባ ነሽ። ቁልፍ የለሽም። ስረቂኝ እስቲ።»

አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ያፍራሉ፤ አንዷ «ኧረ ጋሽዬ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልለመድኩም» ብላ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። እሱ አይስቅም። ማያያዣውን እንዲያስለቅቁ፣ ክዳኑን ከአራቱም በኩል እንዲጎትቱ፣ ጣታቸውን እንዲያስገቡ ያደርጋል። ገዢዋ የምትችለውን ሁሉ አድርጋ ሲያቅታት ብቻ ቁልፎቹን ይሰጣታል። ዓይኑ ከደከመና መሰርሰር ከተወ በኋላም በየዓርቡ እየወጣ፣ ሌላ ሰው የበሳውን ሳጥን አቅርቦ «ስረቂኝ» ማለቱን ቀጥሎ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሱቁን ሸጦ ወደ ሌላ ንግድ ገባ። እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ ባለቤቴ አረፈች፤ ልጆቼ የየራሳቸውን ኑሮ ያዙ፤ ለሁለት ዓመት ብዬ በመጣሁበት ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሁንም በገበያው አልፋለሁ። ሴቶቹ አሁንም ይመጣሉ፤ ፊታቸው አዲስ ነው፤ ሳጥኖቹም ከሌላ ፋብሪካ ናቸው። ያለፈው ሳምንት ሁለቱ አንድ ሳጥን መካከላቸው አስቀምጠው ሲታገሉት አየሁ። አንደኛዋ ቁልፎቹን ከኋላዋ ደብቃ «ስረቂኝ! በደንብ ስረቂኝ እንጂ!» እያለች ትስቃለች፤ ሌላዋ ተንበርክካ ክዳኑን በሁለት እጇ ትጎትታለች። ይህን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው።

«ሳጥን ሲገዛ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ አባባ» አሉኝ።

ሳይታወቅ የቀረውን እዚህ አስቀምጣለሁ። ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር የጆሮ ወርቅ ለማስገባት ይበቃል፤ ሌላ ሰው እንዳስገባው ግን አያረጋግጥም፤ ሙሉነሽ እንዳልወሰደችውም አያረጋግጥም። ከፔካ 12 ወዲያ ወዴት እንደደረሰች አላወቅሁም፤ ስለ እሷ የጠየቅኋቸው የኮምቦልቻ ሰዎች አያውቋትም። በዚያ ዓርብ ምሽት ከጠረጴዛዬ ያላስነሣኝ ጥንቃቄ ይሁን፣ ወይስ በዚያ ቤት በር ላይ ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የማለት ፍርሃት፣ ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም። ጋሽ አብዶሽ የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። አልጠየቅሁትም።